የከንቲባው መኪና ድልድዩ አጠገብ ስትቆም

በመጀመሪያው ቀን ቁልፉን የሰጠኝ የስምሪት ኃላፊው ኦቦ ዲንሳ ነበር። ከመስጠቱ በፊት ግቢው ውስጥ አስነዳኝ። ወደኋላ አስኬደኝ፣ በጠባቡ በር አስወጣኝ፣ መልሶ አስገባኝ። ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ "መንዳቱን ትችላለህ ሰይድ። አሁን ደግሞ ማቆሙን ልንገርህ" አለኝ።

ማቆም ደግሞ ምን ይነገረዋል አልኩ በልቤ።

"ከንቲባ ጭነህ ስትቆም ሞተር አታጥፋ። ሞተር ከጠፋ ሰው ይሰበሰባል። ሰው ከተሰበሰበ አቤቱታ ይመጣል። አቤቱታ ከመጣ እኔም አንተም ምሳ አንበላም።"

የከንቲባ ሾፌርነት ትምህርቴ ይኸው ነው። ሌላ ያስተማረኝ የለም።

ከዚያ በፊት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፣ ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቱን የውሃ ቦቴ ነዳሁ። በድርቁ ዘመን ከአባቴ ጋር ከወሎ ለሰፈራ ስመጣ ፊደል የሚባል አላውቅም። ማርሽ ከፊደል በፊት ነው የለመድኩት። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ካልጣማችሁ ተዉት። የከተማችንን ስም አልጽፍም። ከነቀምቴ ብዙም አትርቅም፣ ይህ ይበቃል። ከሰዎቹ ጋር ያወራነውም አብዛኛው በኦሮምኛ ነው፤ ኦቦ እንደ አቶ፣ አዴ እንደ ወይዘሮ ነው። እኔ ግን የምጽፈው በምችለው ነው።

መኪናዋ ነጭ ደብል ጋቢና ናት። ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ድልድዩ አጠገብ በመንገዱ ዳር የቆርቆሮ ሱቆች ረድፍ አለ፤ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ጫማ ሻጭ፣ ባለ ወፍጮ። እነሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቋታል።

የሚያውቋት በዚህ ነው። ቀድሞ ያገለገልኳቸው ከንቲባዎች አንድ ቦታ ሊያፈርሱ ሲያስቡ፣ "እዚህ ጋ ቁም" ይሉኛል። ሞተሩን ሳላጠፋ እቆማለሁ። መስታወቱን ግማሽ ድረስ ያወርዳሉ፣ ያያሉ፣ ይዘጋሉ፣ "ሂድ" ይላሉ። በማግስቱ ግሬደር ይመጣል። በእጅ የተነቀለ ቆርቆሮ ሌላ ቦታ ይመታል። ግሬደር የነካው ለምንም አይሆንም። ስለዚህ ነጯ መኪና ፊት ለፊታቸው ከቆመች ሰዎቹ ማስታወቂያ አይጠብቁም። መዶሻና ጉጠት ያወጣሉ። ራሳቸው ያፈርሳሉ። ግሬደሩ ሲመጣ ባዶ መሬት ነው የሚያገኘው። እንዲህ ሆነን ኖርን። ማንም ጥሩ ነው ብሎ አላሰበም፣ ማንም መጥፎ ነው ብሎም አልተናገረም።

ከዚያ ኦቦ ለሊሳ መጣ።

ልጅ ነበር። ከንቲባ ነው ሲሉኝ የከንቲባው ልጅ መስሎኝ እጁን ጨብጬ አለፍኩ። መኪና ውስጥ ሲገባ ከፊት፣ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ኦቦ ዲንሳ እየሮጠ መጥቶ፣ "ክቡር ከንቲባ፣ ቦታው ከኋላ ነው" አለው።

"ከኋላ ሆኜ መንገዱ አይታየኝም" አለ ልጁ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አቁም አለኝ። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። ወዲያው የመዶሻ ድምፅ ተጀመረ። ልብስ ሰፊዋ አዴ ብርቄ የስፌት መኪናዋን አቅፋ ወጣች።

"ምን ሆነው ነው?" አለኝ ልጁ።

ነገርኩት። ግማሹን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

"ሞተሩን ያጥፉት ኦቦ ሰይድ።"

"ሞተር አይጠፋም ክቡር ከንቲባ። ደንብ ነው።"

"የማን ደንብ?"

"የኦቦ ዲንሳ።"

እጁን በጉልበቴ ላይ አሻግሮ ቁልፉን ራሱ አጠፋው። በሥራ ዘመኔ ሌላ ሰው መኪናዬን ሲያጠፋብኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ተናድጄ ነበር። ከዚያ ወረደና፣ "አካም ቡልተን" ብሎ በየሱቁ ሰላምታ ሰጠ። ሰዎቹ መዶሻ በእጃቸው እንደያዙ መለሱለት።

ሰብስቦ እንዲህ አላቸው። "ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው እላይ ሰፈር ቤት ውስጥ ይገባል። ቦይ መቆፈር አለበት። ቦዩ የሚያልፈው እዚህ ነው፣ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ምትክ ቦታ ሳትቀበሉ አንድ ቆርቆሮ አይነካም። ከተነካ እኔ ከንቲባ አይደለሁም።"

ፀጉር አስተካካዩ ተረፈ አፉ አያርፍም። "ከንቲባ ካልሆኑ ምን ይሆናሉ ኦቦ ለሊሳ?"

"አንተ ጋ ፀጉር እቆርጣለሁ። ታስተምረኛለህ።"

"በዚህ ለስላሳ እጅ? ምላጩ ያፍርብዎታል።"

ተሳቀ። አዴ ብርቄ የስፌት መኪናዋን ይዛ ተመለሰች። ስታልፍ ሰምቻታለሁ፣ "ልጁን አንድ ጊዜ እንመነው" አለች።

ከዚያ ወዲህ ድልድዩ ጋ በሄድን ቁጥር ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣ ያወራል። ሰዎቹ ለመዱት። ሞተሩ ጠፍቶ እሱ ከወረደ ምንም የለም ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ቆይቶ ደግሞ መኪና መግባቱንም ተወ። ቢሮ በእግሩ ይመጣል፣ ስብሰባ በእግሩ ይሄዳል፣ ነቀምቴ ሲጠሩት በሚኒባስ ይሳፈራል። መኪናዋ የከተማው ናት ብሎ ለቀያሾቹ ሰጣት። እኔ ችካልና ሲሚንቶ መጫን ጀመርኩ። ሚስቴ፣ "ዛሬ ከንቲባው የት ዋለ?" ስትለኝ አላውቅም እላለሁ። የከንቲባ ሾፌር ነኝ፣ ከንቲባ አልጭንም። ይህ ሹመት ይሁን ሽረት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኦቦ ዲንሳ፣ "ይኼ ሰው ወይ ትልቅ ቦታ ይደርሳል ወይ ያመዋል" ይለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የውሃ ፖምፓ ማንጠባጠብ ጀመረ። ለኦቦ ዲንሳ ነገርኩት።

"ውሃ ጨምርበት" አለኝ።

"እየጨመርኩ ነው። ይቀየር።"

"ግዢ ክፍል ጠይቀናል። እስኪመጣ ጨምርበት።"

ጀሪካን ከወንበር ኋላ አኑሬ እየጨመርኩ ነዳሁ። መኪና ከምነዳ ውሃ የማጠጣው በዛ።

ኦቦ ለሊሳ ለምትክ ቦታው ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ከከተማው በላይ ባለው ሜዳ ላይ እንዲሆን ከበላዮቹ ጋር ተነጋገረና፣ ለመጨረሻው ስብሰባ ነቀምቴ ሄደ። እኔ ቀያሾቹን ሜዳው ላይ አደረስኩ። ብቻዬን ስመለስ ድልድዩን እንደተሻገርኩ የሙቀት መለኪያው መርፌ ጫፍ ደረሰ፣ ኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ዙር ጎማ እንኳ ብነዳ ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ይጣመማል። መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። ቀና ስል የቆምኩት በሱቆቹ ፊት ለፊት ነው።

ለኦቦ ዲንሳ ደወልኩ። "ግሬደሩን ልላክልህ፣ ጎትቶ ያምጣህ" አለኝ።

"ግሬደር ድልድዩ ጋ እንዳታመጣ። ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ።"

"እውነትህን ነው። እንግዲያው እዚያው ትደር። ነገ ከነቀምቴ መካኒክ ይምጣ።"

ግሬደሩን በማስቀረቴ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለሁሉም ሰው ተበላሽታ ነው ብዬ ነገርኩ፣ በር ቆልፌ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከነቀምቴ የመጣውን መካኒክ ይዤ ስደርስ አዴ ብርቄ መሰላል ላይ ናት። ምስማር እየነቀለች በአፏ ትይዛለች። ከረድፉ ግማሹ እንጨት ብቻ ሆኗል።

"ማል ተኤ አዴ ብርቄ? ምን ሆናችሁ?"

ምስማሩን ከአፏ አወጣች። "አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ?"

"መኪናዋ እኮ ተበላሽታ ነው። ትናንት ነገርኳችሁ።"

"መኪናማ ይበላሻል። የከንቲባ መኪና ግን የት እንደሚበላሽ ያውቃል።"

ተረፈ መስታወቱን በብርድ ልብስ እየጠቀለለ ነው። "ሰይድ፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። በቀድሞው ከንቲባ ጊዜም ምንም የለም ብለኸን ነበር፣ በማግስቱ የወንድሜን ቤት አፈረሱት።"

"ያኔ የተባልኩትን ነው ያልኩት። አሁን ማንም ምንም አላለኝም። ና ፖምፓውን እይ።"

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። የሚያየውን አያውቀውም። "ለሊሳ ሲመጣ እንዴት ነው የሚመጣው?" አለኝ።

"ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል።"

"አሁንስ? ሞተሩ ጠፍቷል። ሰውየው የታለ?"

"ነቀምቴ ነው።"

"አየህ። ልጁ ቃል ገብቶልናል። ዓይናችንን ማየት አፍሮ መኪናውን ልኳል። ክፉ አይደለም፣ ሰው ነው። እኛም እንዳናሳፍረው ቶሎ እንንቀል ተባባልን።"

በአላህ ብዬ ማልኩ። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ ቸኮሉ። አንዷማ ስትሰማኝ ልጇን፣ "ፍጠን፣ ይኸው ሰውየው ምሎልናል" አለችው። መካኒኩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያመጣው ፖምፓ ደግሞ የሌላ መኪና ነው፣ አልገጠመም። እኩለ ቀን ላይ ረድፉ የለም። የተከመረ ቆርቆሮ፣ የታሰረ እንጨት፣ መሃል ላይ ነጭ መኪና ኮፈኗን ከፍታ። አንዱ በስልኩ ፎቶ አነሳ። ያ ፎቶ ነቀምቴ ከሚኒባስ ቀድሞ ገባ።

ኦቦ ለሊሳ በማግስቱ ከሚኒባስ ወርዶ በቀጥታ መጣ። ቦርሳውን እንኳ አላስቀመጠም። ቆመና አየ።

"ማን ነው ያፈረሰው?"

"እኛ ነን" አለች አዴ ብርቄ።

"ማን አዘዛችሁ?"

ሁሉም ወደ መኪናዋ ዞሩ። እሱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ፖምፓው። ያን ጊዜ የእንጨቱ ክምር ላይ ተቀመጠ። "ምትክ ቦታው እኮ ሊፈቀድ ነበር" አለ። "ትናንት ከሰዓት ሊፈርሙ ተቀምጠው ነበር። ፎቶው መጣና፣ ቀድመህ ካፈረስክ ምን ታስፈርመናለህ አሉኝ።"

ሰዎቹ የወደቀ ምስማር መልቀም ጀመሩ። ተረፈ እንኳ።

"መልሳችሁ ሥሩ" አላቸው።

"እሱማ አይሆንም" አለች አዴ ብርቄ። "የድሮው ሱቅ የድሮ ነው። አሁን ብመታው አዲስ ግንባታ ነው ይሉኛል። ሕገወጥ ነሽ ብለው ምትኩንም ይከለክሉኛል።"

ልክ ነበረች። ደንቡ እንደዚያ ነው። እሱም ያውቃል። ኮቱን አውልቆ ቦርሳው ላይ ጣለና፣ "መዶሻ ስጪኝ። እኔ ከመታሁት ማን ሕገወጥ ይለዋል?" አላት። መሰላሉን እኔ ያዝኩ። የመጀመሪያውን ምስማር አጣመመው። ሁለተኛውንም። ተረፈ ከታች ሆኖ፣ "ምላጩን ስላልሰጠሁዎት እግዜር ይመስገን" አለ። ያኔ ሰው ሳቀና ሥራ ጀመረ። ሲመሽ ረድፉ ቆመ፤ ትንሽ ጠማማ ነው፣ ግን ቆመ።

እሱንም ፎቶ አነሱት። ከንቲባ መሰላል ላይ።

ከላይ ሰዎች መጡ። ግምገማ ተባለ። እኔንም ጠሩኝ። በሥራ ዘመኔ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ወንበር የተሰጠኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

"መኪናውን እዚያ አቁም ያለህ ማን ነው?" አለኝ መሃል የተቀመጠው።

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ቆመ?"

"የውሃ ፖምፓው ተበላሽቶ።"

"ከንቲባው ሱቆቹ እንዲነሱ ይፈልግ ነበር?"

"ቦዩ እንዲያልፍ ይፈልግ ነበር።"

"ስለዚህ እንዲነሱ ይፈልግ ነበር።"

"ምትክ ሳይሰጥ አልፈልግም ብሏል።"

"ስለዚህ አይፈልግም ነበር።"

"እናንተ ምን እንድል ነው የፈለጋችሁት?"

"እውነቱን።"

"እውነቱ ፖምፓው ነው።"

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። "ይኼ ሰው ግራ ያጋባል" አለ አጠገቡ ለተቀመጠው። እኔ ግራ የገባኝ ሰው ነኝ፣ ግራ የማጋባ አይደለሁም። ስወጣ ኦቦ ለሊሳ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ተነስቶ አሳለፈኝ። ከንቲባ ለሾፌር ተነሳ።

ከሥልጣኑ አነሱት። ለምን እንዳነሱት ግን ከተማው አልተስማማም። ግማሹ ያለ ፈቃድ ስላፈረሰ ነው ይላል። ግማሹ ያለ ፈቃድ ስለሠራ ነው ይላል። ኦቦ ዲንሳ፣ "አልተነሳም፣ አድጎ ነው የሄደው" አለኝ። የት አድጎ ስለው፣ "ኑኑ ቁምባ ወረዳ፣ ባለሙያ ሆኖ" አለኝ። ከከንቲባነት ወደ ባለሙያነት እንዴት ማደግ እንደሚቻል ጠየቅኩት። "አትጠይቅ" አለኝ።

የሄደ ቀን መኪናዋ አልተሠራችም ነበር። ሻንጣውን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። የከንቲባ ሾፌር በእግሩ፣ ከንቲባው በእግሩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ኦቦ ሰይድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለኝ። "ሞተሩን እያጠፋሁ የወረድኩት እንዲያምኑኝ ብዬ ነው። አምነውኛል?"

"አምነውዎታል።"

"ካመኑኝ ታዲያ ለምን አፈረሱ?"

"እንዳያፍሩ ብለው ነው።"

"ባያምኑኝስ ኖሮ?"

"ያኔም ያፈርሱ ነበር።"

ወደ መሬት እያየ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "ሱቆቹን ይዩልኝ" ብሎኝ ገባ። እንዴት ነው የማያቸው? ሾፌር ነኝ።

አዲሱ ከንቲባ በመጣ በሳምንቱ ፖምፓው ተቀየረ። ግዢ ክፍል ድንገት አገኘው። አዲሱ ሰው ከኋላ ተቀመጠ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ "እዚህ ጋ ቁም" አለኝ። ሞተሩን ሳላጠፋ ቆምኩ። መስታወቱን ግማሽ ድረስ አወረደ፣ አየ፣ ዘጋ። ስልክ ተደወለለትና ከኋላ ማውራት ጀመረ።

አዴ ብርቄ ወደ እኔ መስኮት መጣች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። "ሰይድ፣ ዛሬም ፖምፓው ነው?"

ከኋላ ሰውየው አለ። በመስታወት ዓይኑ እኔ ላይ ነው። ፖምፓው ደህና ነው አልኳት። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም፤ ሊያፈርስ ይሁን ስልክ ሊያነሳ ማን ነገረኝ።

ተረፈ ከደጁ ሆኖ ጮኸላት። "ተዪው ብርቄ። ባለፈው በባዶ አፍርሰን ምስማር ጨረስን። ቃል ተገብቶልናል፣ ራሱ ከንቲባው ነው የመታው።"

"ሂድ" አለኝ ከኋላ ያለው። ሄድኩ።

ያን ቀን መዶሻ ያነሳ የለም። በማግስቱ ጠዋት ግሬደሩ መጣ።

ቀትር ላይ በዚያ ሳልፍ አዴ ብርቄ ቆርቆሮዎቿን ከጭቃ እየጎተተች ታወጣለች። እንደ ወረቀት ተጨማደዋል። የስፌት መኪናዋን አድናለች፣ የማሽኑ አንድ እግር ግን ተሰብሯል። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ትናንት ሞተሩ እየሠራ ነበር" አለችኝ። "አጠገቡ ቆሜ አልሰማሁትም።"

ቆርቆሮውን ከሌላ ጫፍ ይዤ ጎተትኩላት።

ኦቦ ለሊሳ ከኑኑ ቁምባ ደውሎ፣ "ምትክ ቦታው ተሰጣቸው?" አለኝ። አልተሰጣቸውም አልኩት። "ቦዩስ?" አለኝ። ቦዩ አልተቆፈረም አልኩት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ፣ እሱ እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ሌሎች ከንቲባዎችንም ነዳሁ። አንዳንዱ ከፊት ተቀመጠ፣ አንዳንዱ ከኋላ። የትኛው ለምን እንደመጣ፣ የትኛው ለምን እንደሄደ አልተነገረኝም። ለአዳዲስ ሾፌሮች የምለው አንድ ነገር ነው። የውሃ ፖምፓ ማንጠባጠብ ከጀመረ ውሃ እየጨመራችሁ አትንዱ። አስቀይሩት፣ እስኪቀየር ቁልፉን አስቀምጡ። ሌላውን አላውቅም።